በካላንክ ድንጋያማ ዳርቻ ለአንድ ቀን የእግር ጉዞ ሲዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በደቡብ ፈረንሳይ፣ በማርሴይና በካሲስ መካከል፣ ነጭ የኖራ ድንጋይ ተራራ በቀጥታ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር ይወርዳል። ባሕሩ ተራራውን ሰንጥቆ የገባባቸው ጠባብ ሰርጦች ካላንክ ይባላሉ፤ አካባቢው ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የማርሴይ የከተማ አውቶቡስ መግቢያው አጠገብ ስለሚያደርስ ብዙ ጎብኚ እንደ መናፈሻ አስቦት በሸበጥና በግማሽ ሊትር ውኃ ይገባል። መንገደኛን የሚያሰቃዩት ነገሮች ግን አብዛኞቹ የሚታረሙት ከቤት ሳይወጡ፣ በዋዜማው ምሽት ነው።

ባሕር ዳር ነው ብሎ ውኃ ማሳነስ

ከሁሉ የከፋው ይህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው። በመንገዱ ላይ ምንጭም ቧንቧም የለም። ድንጋዩ ስንጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ የዘነበው ሁሉ ወደ ውስጥ ይሰርጋል እንጂ ላዩ ላይ አይቆይም። በሶርሚዩና በሞርጂዩ ሰርጦች ያሉት ምግብ ቤቶች ወቅት ጠብቀው የሚከፈቱ ናቸው፤ በእነሱ ተማምኖ መውጣት አያዋጣም። የባሕሩ ውኃ ደግሞ በአንድ ሊትር 38 ግራም ገደማ ጨው ስላለበት ጥም ያብሳል እንጂ አይቆርጥም።

ለአንድ ሰው በቀዝቃዛው ወራት በሰዓት ግማሽ ሊትር፣ በሙቀት ደግሞ ሦስት ሩብ ሊትር ያስቡ። ከካሲስ ተነስቶ አን ቮ የተባለውን ሰርጥ አይቶ ለመመለስ፣ ዕረፍቱ ሳይቆጠር፣ ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይፈጃል። ስለዚህ በሙቀት ወራት ለእያንዳንዱ ሰው ባለ አንድ ሊትር ተኩል ሁለት ሃይላንድ ያስፈልጋል። ሦስት ኪሎ ነው፤ ጠዋት ትከሻ ላይ ይከብዳል፣ በየሰዓቱ ግን እየቀለለ ይሄዳል። አንዱን ሃይላንድ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ሞልተው ሌሊቱን ፍሪዘር ውስጥ ያሳድሩት። ሙሉ ከሆነ ውኃው በረዶ ሲሆን ስለሚሰፋ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል። ጠዋት ያወጡትና የጎደለውን ይሙሉት፤ እኩለ ቀን ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ይኖርዎታል። ሁለቱንም አያቀዝቅዙ፤ ጠዋት የሚጠጣ ያጣሉ።

ጥም እስኪመጣ አይጠብቁ፤ በየሩብ ሰዓቱ ሦስት አራት ጉንጭ ይጠጡ። ላብ ጨውንም ይዞ ስለሚወጣ ውኃ ብቻ መጠጣት ራስ ምታትና የጡንቻ መጨማደድ ሊያመጣ ይችላል፤ ከፋርማሲ የሚገዛ የኦአርኤስ ከረጢት ቦርሳዎ ውስጥ ይኑር፣ የሚበጠበጠውም ከረጢቱ ላይ በተጻፈው የውኃ መጠን ነው። አንድ ደንብ ደግሞ ከቤት ወስነው ይውጡ፦ ውኃዎ ግማሽ በደረሰበት ቦታ፣ አን ቮ ቢታይም ባይታይም፣ ይመለሳሉ።

ስለ ስንቅ አንድ ነገር እንጨምር። ቆሎ ለመንገድ የታወቀ ነው፤ ደረቅ በመሆኑ ግን ውኃ ያስጠጣል። ከዚያ ይልቅ ማታ በማርና በትንሽ ጨው የታሸ የበሶ ጭብጦ ይሻላል፦ ውኃውን ከቤት ጠጥቶ ይመጣል፣ በሙቀት አይበላሽም፣ ሲበሉትም እጅ አያቆሽሽም።

ወቅቱንና ፈቃዱን ሳያዩ መውጣት

ለእኛ ሐምሌና ነሐሴ የዝናብ ወራት ናቸው። በሜዲትራንያን ዳርቻ ግን ከዓመቱ ሁሉ ደረቆቹ ሲሆኑ፣ ጥዱና ቁጥቋጦው በአንድ ብልጭታ ይያያዛል። ስለዚህ በፈረንጆች ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30፣ በእኛ ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 20 ድረስ፣ ወደ ተራራው መግባት የሚፈቀደው በየቀኑ በቀለም በሚወጣው የቃጠሎ አደጋ ትንበያ መሠረት ነው። የነገው ቀለም በዋዜማው አመሻሽ ላይ ይገለጻል፤ «ሜ ካላንክ» በሚባለው የፓርኩ የስልክ አፕም ይታያል። ቀይ ከሆነ መግቢያው ዝግ ነው፤ ተዘግቶ ሳለ ውስጥ የተገኘ ሰው 135 ዩሮ ይቀጣል። ሲጋራም ሆነ የቡና ምድጃ በተራራው ላይ ክልክል ነው።

ሱጂቶን የሚባለው ሰርጥ ተጨማሪ ደንብ አለው። በቀን እስከ 2,500 ሰው እየረገጠው አፈሩ ተሸርሽሮ የጥዶቹ ሥር ሜዳ ላይ ቀርቶ ስለነበር፣ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሰመር በሚመረጡ ቀናት በቀን 400 ሰው ብቻ፣ አስቀድሞ ተመዝግቦ ነው የሚገባው። ምዝገባው በፓርኩ ድረ ገጽ በነጻ ነው፤ ገንዘብ የሚጠይቅዎ ካለ አይክፈሉ።

የሰዓት አቆጣጠሩም ያሳስታል። አውቶቡስና ባቡር በ24 ሰዓት አቆጣጠር ስለሚጻፉ 18:00 ማለት ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ወላጆችን ወይም ከአገር ቤት የመጣ እንግዳ ይዞ የሚሄድ ሰው የመመለሻውን ሰዓት በሁለቱም አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፎ ቢሰጣቸው ጥሩ ነው።

«ስኒከር ይበቃል» ማለት

የካላንክ ድንጋይ ሁለት መልክ አለው። ሰው ያልረገጠው እንደ ሞረድ ሻካራ ነው፤ ሰው ያዘወተረው ደግሞ በሺዎች እግር ተወልውሎ እንደ እብነ በረድ ያብለጨልጫል። ወደ አን ቮ የሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ይህ በደንብ ይታያል፤ ድንጋዩ ደረቅ ሆኖ እንኳ ሶሉ የተበላ ጫማን አይዝም። ከመርገጥዎ በፊት ይመልከቱ፤ የሚያብረቀርቀውን ትተው ግራጫና ሻካራውን ይምረጡ። በተረከዝ ሳይሆን በሙሉ ሶል ያርፉ። ቁልቁለቱ ሲበረታ ፊትዎን ወደ ድንጋዩ አዙረው እንደ መሰላል ይውረዱ፤ ለዚህም ሁለቱም እጆችዎ ባዶ መሆን አለባቸው፣ ፌስታል አንጠልጥሎ የሚወርድ ሰው ግን የሚይዝበት እጅ የለውም። ድንጋይ ከእግርዎ ሥር ከተፈናቀለ ወዲያው ይጩኹ፤ ከታች የሚወጣ ሰው ይኖራል።

ጫማው ጎርበጥባጣ የጎማ ሶል ያለው፣ ጣትን የሚከልል ይሁን። የሚገዛው ከሰዓት በኋላ፣ እግር ትንሽ ሲያብጥ፣ በሚሄዱበት ካልሲ ነው። ጣቶችዎን እስከ ፊት ገፍተው ሲቆሙ ከተረከዝ ኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት፤ አለዚያ በቁልቁለት ላይ የአውራ ጣት ጥፍር እየተገጨ ይጠቁራል። ቢያንስ ሁለት ሳምንት በከተማ ይልመዱት። ለዓመታት ቁም ሣጥን የከረመ የተራራ ጫማም አይታመን፤ ሳይረገጥ እንኳ የሶሉ ማጣበቂያ ያረጃል፣ መንገድ ላይም ሶሉ ተገንጥሎ ይቀራል። ከጉዞው በፊት ጫማውን አጥፈው ጠርዙን በጣት ጎትተው ይፈትኑት። ፕላስተር ደግሞ የሚለጠፈው እግር ገና መለብለብ ሲጀምር ነው፤ ውኃ ከቋጠረ በኋላ ብዙ አይረዳም።

ርቀቱን በኪሎ ሜትር ብቻ መቁጠር

በማርሴይ በኩል ካለው ጫፍ፣ ከካለሎንግ፣ እስከ ካሲስ ዳርቻውን ይዞ የሚሄደው መንገድ 28 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሜዳ ላይ ጠንካራ ሰው ስድስት ሰባት ሰዓት ይፈጅበት ይሆናል፤ እዚህ ግን 11 ሰዓት ያህል መራመድ ይጠይቃል። ምክንያቱም መንገዱ በየሰርጡ እስከ ባሕሩ ይወርድና እንደገና ገደሉን ይወጣል። የአካባቢው ከፍተኛ ጫፍ፣ ሞን ፑዤ፣ 565 ሜትር ብቻ ነው፤ አድካሚው መመላለሱ ነው። እንጦጦ መውጣት የለመደ ሰው ሳንባው እንደማይቸገር እውነት ነው። የሚፈትነው ሙቀቱ ነው፦ ነጩ ድንጋይ ፀሐይን ከታች ወደ ላይ ይመልሳል፣ ጥላም ጥቂት ነው። ስለዚህ ባርኔጣ ያድርጉ፣ ክሬሙን አገጭና አፍንጫ ሥርም ይቀቡ።

ሲያቅዱ በድንጋያማው ክፍል በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር ያስቡ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ከካሲስ ተነስቶ ፖር ሚዩ፣ ፖር ፓንና አን ቮ የተባሉትን ሰርጦች አይቶ ቢመለስ ይሻለዋል፤ ልጆች ካሉ ፖር ፓን ላይ መብቃት ነው። በዲሴምበር ፀሐይ ከቀኑ 11 ሰዓት ትንሽ እንዳለፈ ስለምትጠልቅ፣ ቀኑ ባጠረበት ወቅት የራስ ባትሪ ሳይይዙ አይውጡ።

ሰማዩን አይቶ ነፋሱን መርሳት

ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲታይ ብዙ ሰው ቀኑ መልካም ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ያ ጥራት የሚስትራል፣ ከሰሜን ምዕራብ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ፣ ምልክት ነው። ሲበረታ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚገፋበት ጊዜ አለ፤ በገደል አፋፍ ላይ ሰውን ያንገዳግዳል። በዋዜማው የአየር ትንበያውን ሲያዩ ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን የነፋሱን ግፊት ይመልከቱ። ከፍተኛ ከሆነ ጉዞውን ወደ ሌላ ቀን ያዛውሩት።

ሚስትራል ካቆመ በኋላም ውጤቱ ባሕሩ ውስጥ ይቆያል። ነፋሱ ላይኛውን ሞቃት ውኃ ወደ ጥልቁ ባሕር ገፍቶት ከታች ቀዝቃዛው ይወጣል፤ ትናንት 24 ዲግሪ የነበረው ዛሬ 16 ሊሆን ይችላል። ላብ ያጠመቀው ሰው ከድንጋይ ላይ ዘሎ ሲገባ ትንፋሹ ይቆረጣል። እግርዎን፣ ክንድዎን፣ ደረትዎን አርጥበው ቀስ ብለው ይግቡ። ከውኃው ጠርዝ ያለው ጥቁርና እርጥብ ድንጋይ ማዕበል የሚደርስበት ነው፤ እዚያ ላይ አይቀመጡ።

በስልክ ብቻ መታመን

በገደሎቹ መካከል ኔትወርክ ይጠፋል። ካርታውን በዋይፋይ አውርደው ይያዙ፤ 1፡15,000 የወረቀት ካርታም ይሸጣል፣ በእሱ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር 150 ሜትር ነው። ዋናው መንገድ በነጭና በቀይ ሁለት መስመሮች ይመራል፤ መስመሮቹ ተቆራርጠው መስቀል ከሠሩ ግን የተሳሳተ አቅጣጫ ነው፣ ይመለሱ። የአደጋ ጊዜ ቁጥር 112፣ ባሕር ላይ ለሆነ አደጋ 196 ነው። የት እንደሚሄዱና ስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ለአንድ ሰው ተናግረው ይውጡ።

በባቡር የሚመለስ ሰው ደግሞ የካሲስ ጣቢያ ከከተማው ሦስት ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ዳገት ላይ እንደሚገኝ ይወቅ። የማገናኛውን አውቶቡስ የመጨረሻ ሰዓት ጠዋት ሲያልፉ ይመልከቱ፤ ካመለጠ ለዚያች ዳገት የምትሆን ግማሽ ሊትር ውኃ ትቅር።