የሚንከባለለው ኮላ እና ጠጠሩ

ሦስት ምሽት ያለፋኝ ጠጠር ዛሬ ጠዋት ደርቆ፣ በጣት ሲነካ ንቅንቅ የማይል ሆኖ አገኘሁት! የምሠራው የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያን መግቢያ ትንሽ ሞዴል ነው። የድሮው የጅቡቲ መስመር የሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ስለነበር፣ በ1፡87 ልኬት (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ባነሰ መጠን) ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ እጠቀማለሁ።

በውሃ ያቀጠንሁት ኮላ ወደ ጠጠሩ አልሰርግ አለ። ጠብታው እንደ ዶቃ ተድቦልቡሎ በደቃቁ አሸዋ ላይ ይንከባለላል፤ ያበጠርሁትን ጠጠር ተሸክሞ ይሄዳል። ይበልጥ ባቀጥነውም ለውጥ አልነበረም። ያገደው የውሃው የገጽ ውጥረት፣ ማለትም ገጹ ራሱን ሰብስቦ የመያዝ ባሕርዩ፣ ነበርና።

በመጀመሪያ አይሶፕሮፒል አልኮል ከፍ አድርጌ እንደ ጉም ረጨሁበት፣ ጠጠሩ በሙሉ እስኪጠቁር ድረስ። (መስኮት ይከፈት፤ እሳት አይቅረብ።) ከዚያ ኮላና ውሃ እኩል በእኩል ቀላቅዬ፣ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሬ፣ በሲሪንጅ ከሐዲዱ ጎን አንጠባጠብሁ። ነጩ ፈሳሽ በጠጠሮቹ መካከል ሹልክ እያለ ሲገባ ማየት እንዴት ደስ ይላል!

የሐዲዱን ራስ ኮላው ሳይደርቅ ጥረጉ፤ አለበለዚያ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ ባቡሩም ይቆማል። የዝገት ቀለሙን የሐዲዱን ጎንና ጎን ብቻ ነገ እቀባለሁ።