ባለሮታሪዋን ማዝዳ እንዴት ኢንሹራንስ አስገባኋት

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ስድስት ወሬ ነው። መኪናዬ ማዝዳ አርኤክስ-8 ናት። እዚሁ ጅማ ሙሉ ዋስትና ልገባላት ብሄድ ፎርሙ «የሲሊንደር ብዛት» ይላል። ባዶውን ተውኩት። ሠራተኛዋ «ወንድሜ፣ ሲሊንደር የሌለው መኪና አለ እንዴ?» ብላ መለሰችልኝ። አልፈረድኩባትም።

በማግስቱ ኮፈኑን ከፍቼ የሞተር ቁጥሩን ፎቶ አነሳሁ። በአንድ ገጽ ደብዳቤም አስረዳሁ፦ በሲሊንደር ውስጥ የሚመላለስ ፒስተን የላትም፤ በምትኩ ሁለት ባለሦስት ማዕዘን ሮተሮች ይሽከረከራሉ። እያንዳንዱ 654 ሲሲ፣ ድምሩ 1308። ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ገጠመ። የኢንሹራንሱ ባለሙያ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ድረስ መጥቶ አያትና ፈረመ።

አዲስ ሹፌር ስለሆንኩ የምከፍለው አረቦን ወደድ ብሏል። ከእኔ ሌላ ማንም እንደማይነዳት ሲጻፍ ግን ትንሽ ቀነሱልኝ። ታናሽ ወንድሜ እስካሁን አኩርፏል።