ሶላት ለጀማሪ፦ ሱብሒን ከዉዱእ እስከ ሰላምታ እንዴት እንሰግዳለን?

ሶላት መማር እፈልጋለሁ የሚል ሰው ሲመጣ ከሱብሒ፣ ከማለዳዋ ሶላት፣ እጀምርለታለሁ። ሁለት ረከዓ (የስግደት ዙር) ብቻ ስለሆነች አጭር ናት፤ እሷን በሥርዓቱ መስገድ የቻለ ሰው ለቀሩት አራቱ የቀን ሶላቶች የሚጨምረው ጥቂት ነው። ጊዜዋ ጎህ ሲቀድ ይገባል፣ ፀሐይ ስትወጣ ያበቃል።

ሰውነታችሁ፣ ልብሳችሁና የምትሰግዱበት ቦታ ከነጃሳ (ከረከሰ ነገር) የጸዳ ይሁን። ወንድ ቢያንስ ከእምብርቱ እስከ ጉልበቱ፣ ሴት ደግሞ ከፊቷና እስከ አንጓ ካሉት እጆቿ በቀር መላ ሰውነቷን ትሸፍን። ጀናባ (ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ወይም ከዘር መፍሰስ የመጣ ርክሰት) ያለበት አስቀድሞ ገላውን ይታጠብ። የወር አበባ ወይም የወሊድ ደም ላይ ያለች ሴት አትሰግድም፤ ያለፋትንም ሶላት ቀዷ አታወጣም፣ ማለትም በኋላ አትተካም።

ከዚያ ዉዱእ፣ የሶላት ትጥበት፣ ነው። በልባችሁ ነይቱ፣ ማለትም ለሶላት እንደምትታጠቡ አስቡ፤ «ቢስሚላህ» ብላችሁም እጃችሁን እስከ አንጓ ሦስት ጊዜ ታጠቡ። ተጉመጥመጡ፤ ውኃ ወደ አፍንጫችሁ ስባችሁ አውጡ፤ ይህም ሦስት ሦስት ጊዜ ነው። ፊታችሁን ከፀጉር መብቀያ እስከ አገጭ፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ ታጠቡ። ቀኝ ክንዳችሁን ከነክርኑ፣ ቀጥሎ ግራውን። እጃችሁን አርጥባችሁ ራሳችሁን አንድ ጊዜ አብሱ፤ ጆሯችሁንም ከውስጥና ከውጭ። በመጨረሻ እግራችሁን ከነቁርጭምጭሚቱ፣ ቀኙን አስቀድማችሁ እጠቡ።

እግር ላይ አትቸኩሉ። ልጅ ሳለሁ ለሱብሒ ስንነሳ ብርዱ ስለሚያንገበግበኝ ውኃውን ከላይ ከላይ ጣል አድርጌ እሮጥ ነበር። አንድ ቀን አያቴ ማንቆርቆሪያውን በአንድ እጁ እንደያዘ ተረከዜን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «ይኸው ደርቋል፤ ና ልጄ» ብሎ እንደገና አፈሰሰልኝ። ሐዲሱን፣ ከነቢዩ የተላለፈውን ቃል፣ የሰማሁት በኋላ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጉዞ ላይ ሳሉ ባልደረቦቻቸው ዓስር (የከሰዓት በኋላው ሶላት) ስለዘገየባቸው ተቻኩለው እግራቸውን አበስ አበስ ሲያደርጉ አዩ፤ ድምፃቸውንም ከፍ አድርገው «ለተረከዞች ከእሳት ወዮላቸው!» አሉ። ስለዚህ ተረከዙን፣ የጣቶቹን መሃል፣ ክርኑን፣ ከጠባብ ቀለበት ሥር ያለውን ቆዳ በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ አዳርሱ። የጥፍር ቀለም ውኃ ስለማያሳልፍ አስቀድሞ ይነሳ። እንዲህም ሆኖ ብዙ ውኃ አያስፈልግም፤ ነቢዩ ዉዱእ ያደርጉ የነበረው በአንድ ሙድ፣ ማለትም ከሊትር ባነሰ ውኃ ነው።

አሁን መካ ወዳለው ካዕባ ዙሩ። ከአዲስ አበባ መካ ወደ ሰሜን ናት፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ዘንበል ትላለች፤ ፀሐይ መውጫን በቀኙ አድርጎ የቆመ ሰው ቂብላውን፣ ማለትም የመስገጃ አቅጣጫውን፣ አግኝቷል። በስደት ያላችሁ ግን የአገር ቤቱን አቅጣጫ በልማድ ይዛችሁ እንዳትቆሙ። ከሪያድና ከዱባይ ቂብላው ወደ ምዕራብ ሆኖ ትንሽ ወደ ደቡብ ያዘነብላል፣ ከቤይሩት ወደ ደቡብ ነው፣ ከዋሽንግተን ደግሞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ።

ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። የሱብሒን ፈርድ (ግዴታ ሶላት) እንደምትሰግዱ በልባችሁ ነይቱ፤ እጆቻችሁን እስከ ትከሻ ወይም እስከ ጆሮ አንስታችሁ «አላሁ አክበር» በሉ። ከዚህች ቃል በኋላ ወሬም ዞር ማለትም የለም፤ ዓይናችሁ ግንባራችሁ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ይሁን። ቀኝ እጃችሁን በግራው ላይ አድርጉ። ደረት ላይ ይሁን ወይስ ከእምብርት ሥር በሚለው መዝሀቦች (የሃይማኖቱ የሕግ ትምህርት ቤቶች) ይለያያሉ፤ በአገራችን ሻፊዒውም ሐነፊውም ስላለ ጎናችሁ ያለው ሰው እጁን ሌላ ቦታ ቢያስር አይረብሻችሁ።

የቁርኣን መክፈቻ የሆነችውን ፋቲሓን ቅሩ (በቃላችሁ አንብቡ)፤ ሰባት አንቀጽ ናት። «ኣሚን» ካላችሁ በኋላ እንደ ኢኽላስ ያለች አጭር ሱራ (የቁርኣን ምዕራፍ) ጨምሩ። ከዚያ «አላሁ አክበር» ብላችሁ ለሩኩዕ አጎንብሱ፦ መዳፍ ጉልበት ላይ፣ ጀርባ ቀጥ ያለ። «ሱብሓነ ረቢየል ዐዚም» ሦስት ጊዜ በሉ። «ሰሚዐላሁ ሊመን ሐሚደህ» እያላችሁ ተነሱና ቀጥ ስትሉ «ረበና ወለከል ሐምድ» በሉ።

ብዙዎቻችን ሶላታችንን የምናበላሸው ከዚህ በኋላ ነው። ከሩኩዕ ሳንቃና ወደ መሬት እንወርዳለን፣ ግንባራችን ሳያርፍ እንነሳለን። ነቢዩ እንዲህ ያለውን ሱጁድ (ግንባርን መሬት ላይ መድፋት) ቁራ ጥሬ ከምትለቅምበት ጋር አመሳስለው ከልክለዋል። አንድ ሰው መስጂድ ገብቶ ሰገደና መጥቶ ሰላም አላቸው። ሰላምታውን መልሰው «ተመለስና ስገድ፤ አልሰገድክምና» አሉት። ሦስት ጊዜ መለሱት። በመጨረሻ «ከዚህ የተሻለ አላውቅም፤ ያስተምሩኝ» ሲል ሩኩዕ ላይ እስክትረጋ፣ ቆመህ ቀጥ እስክትል፣ ሱጁድ ላይ እስክትረጋ፣ ተቀምጠህ እስክትረጋ እያሉ አስተማሩት። ሰውየው ቃሉን ስላሳሳተ አልነበረም የተመለሰው። እኔ ለጀማሪ የምሰጠው መለኪያ ቀላል ነው፦ ቦታችሁን ሳትይዙ ዚክሩን (የውዳሴውን ቃል) አትጀምሩ፣ ዚክሩን ሳትጨርሱ አትነሱ።

አሁን ሱጁድ ውረዱ። ሱጁድ በሰባት አካላት ነው፦ ግንባር ከነአፍንጫ፣ ሁለት መዳፍ፣ ሁለት ጉልበት፣ የሁለቱ እግሮች ጣቶች። ጣቶቻችሁ መሬቱን ይንኩ፤ ክንዳችሁን ግን እንደ ውሻ መሬት ላይ አትዘርጉ። «ሱብሓነ ረቢየል አዕላ» ሦስት ጊዜ በሉ። «አላሁ አክበር» ብላችሁ ቁጭ በሉና «ረቢግፊር ሊ» በሉ፤ ጌታዬ ሆይ ማረኝ ማለት ነው። እንደገና ሱጁድ ውረዱ። አንድ ረከዓ ሞላ።

ተነስታችሁ ሁለተኛውን እንዲሁ ስገዱ። በሻፊዒ መዝሀብ በሱብሒ ከሁለተኛው ሩኩዕ ቀና ሲባል ቁኑት (ቆሞ የሚደረግ ልመና) ይደረጋል። ከመጨረሻው ሱጁድ በኋላ ተቀምጣችሁ ተሸሁድ (የምስክርነት ቃል) በሉ፦ «አትተሒያቱ ሊላሂ ወስሰለዋቱ ወጥጠይባት፤ አስሰላሙ ዐለይከ አይዩሀን ነቢዩ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ፤ አስሰላሙ ዐለይና ወዐላ ዒባዲላሂስ ሷሊሒን፤ አሽሀዱ አን ላ ኢላሀ ኢለላህ፣ ወአሽሀዱ አንነ ሙሐመደን ዐብዱሁ ወረሱሉህ»። በነቢዩ ላይ ሰለዋት (ለእሳቸው የሚደረግ የበረከት ጸሎት) አውርዱ፤ የሆዳችሁን ዱዓ (ልመና) የምታደርሱበት መልካም ቦታ ይህ ነው። ከዚያ ፊታችሁን ወደ ቀኝ አዙራችሁ «አስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ»፣ ወደ ግራም እንዲሁ። ሱብሒ ተጠናቀቀች።

ዙህር፣ ዓስርና ዒሻ አራት አራት ረከዓ፣ መግሪብ ሦስት ናቸው። በእነዚህ ከሁለተኛው ረከዓ በኋላ ተሸሁድ ላይ ተቀምጣችሁ ትነሳላችሁ፤ በቀሩት ረከዓዎች ፋቲሓ ብቻ ይበቃል። ሱብሒ ላይ፣ እንዲሁም በመግሪብና በዒሻ የመጀመሪያ ሁለት ረከዓዎች ቂርኣቱ (የቁርኣን ንባቡ) በሚሰማ ድምፅ ነው፤ ሌላው በቀስታ ነው።

ሦስት ሰገድኩ ወይስ አራት ብላችሁ ከተጠራጠራችሁ ሦስት ብላችሁ ያዙ፤ አራተኛውን ሰግዳችሁ ከሰላምታ በፊት የመርሳት ሱጁድ ሁለት ውረዱ። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥም ካቃተው በጎኑ ተኝቶ ይስገድ።

ፋቲሓን ገና አልያዝኩም ብላችሁ ሶላቱን አታቆዩ። ቁርኣን መያዝ አቅቶኛል ላለ ሰው ነቢዩ በምትኩ «ሱብሓነላህ፣ ወልሐምዱ ሊላህ፣ ወላ ኢላሀ ኢለላህ፣ ወላሁ አክበር» እንዲል አስተምረውታል። እናንተም በእሱ ስገዱ፤ ጎን ለጎን ደግሞ ከፋቲሓ በቀን አንድ አንቀጽ ያዙ። በሳምንት ትጨርሷታላችሁ።