የመጀመሪያ ጌማችሁን ስትሠሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያ ጌሜን ስጀምር አዲስ አበባን በሙሉ የሚያሳይ የመኪና ጌም ነበር ያሰብኩት። ከፒያሳ ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ለገሃር የሚደርስ። ስሙንና ሎጎውን ከሁሉ በፊት ጨረስኩ። ከዚያ ስምንት ወር ሙሉ የአንድ ሰፈር ሕንፃ ስሠራ ከረምኩ። መኪናው ግን ገና በቅጡ አይታጠፍም ነበር። ደከመኝና ተውኩት። ያኔ ሰው በነገረኝ ኖሮ የምለውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ትልቁን ሕልም ለመጀመሪያው ጌም ማዋል

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። እንደ ጂቲኤ ያሉ ከተማ ሙሉ የሚታይባቸውን ትልልቅ ጌሞች የሚሠሩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለሙያዎች ናቸው፤ ያውም ለዓመታት። «ስታርዲው ቫሊ የሚባለውን የእርሻ ጌም አንድ ሰው ብቻውን ሠርቶት የለ እንዴ?» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ኤሪክ ባሮን ብቻውን ሠርቶታል። ግን እ.ኤ.አ. በ2016 እስኪያወጣው ድረስ አራት ዓመት ተኩል ገደማ ፈጅቶበታል። የቬትናሙ ዶንግ ንጉየን ደግሞ ፍላፒ በርድን የሠራው በጥቂት ቀናት ነው። አንዲት ወፍ፣ ጥቂት ቧንቧ፣ አንድ ጣት። ዓለም ሁሉ ተጫወተው።

እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ስነሳ የመረጥኩት ቅልብልቦሽን ነው። ልጆች ሆነን ደጃፍ ላይ ተቀምጠን የተጫወትነውን። ሐሳቡ በግማሽ ገጽ አለቀ፦ ተጫዋቹ አንድ ጠጠር ወደ ላይ ይወረውራል፤ እሱ እስኪወርድ መሬት ላይ ያሉትን ይለቅማል፤ የተወረወረውን ካልቀለበ አበቃ። በየዙሩ የሚለቀሙት ጠጠሮች ይጨምራሉ። በቃ። ሌላ ሐሳብ በመጣልኝ ቁጥር ሌላ ደብተር ላይ እጽፈዋለሁ እንጂ ጌሙ ውስጥ አላስገባውም። ያ ደብተር ሞልቷል፤ ጌሙ ግን ተሠርቶ አልቋል።

ጨዋታው ሳይኖር ሥዕሉን ማሳመር

አሌክሴይ ፓጂትኖቭ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞስኮ ውስጥ ቴትሪስን ሲሠራ፣ ኤሌክትሮኒካ 60 የሚባለው ኮምፒውተሩ ፊደልና ምልክት እንጂ ሥዕል አያሳይም ነበር። ስለዚህ ጡቦቹን በቅንፍ ሠራቸው። በቅንፍም ሆኖ ከእጅ አይወርድም ነበር። እናንተም በግራጫ ክብና በአራት ማዕዘን ጀምሩ። ግራጫው ክብ ወደ ላይ ሲወጣና ሲወርድ እጃችሁ «ደግሜ ልሞክር» ካላለ ሥዕል አያድነውም። ሥዕል የሚያስፈልግበት ቀን ሲደርስ ደግሞ ኬኒ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው በነፃ የሚጠቀምባቸው ብዙ ምስሎችና ድምፆች አሉ። የዘፋኝ ዘፈን ከዩቲዩብ አውርዶ ማስገባት ግን የሰው ንብረት መውሰድ ነው። አታድርጉት።

ኢንጂን ሲያማርጡ መክረም

ኢንጂን ማለት ጌም የሚሠራበት ፕሮግራም ነው። ጎዶት የሚባለው በነፃ ነው፣ ቀላል ላፕቶፕ ላይም ይሠራል። ዩኒቲም ለጀማሪ በነፃ ይገኛል። አንዱን ያዙና አንድ ጌም እስክትጨርሱ አትቀይሩ። ቱቶሪያልም እንዲሁ ነው፦ አንድ ቪዲዮ አይታችሁ ዝጉት፣ ያያችሁትን ከራሳችሁ ሞክሩ፣ የሆነ ነገር ለውጡበት። ካልዘጋችሁት እጃችሁ አይለምድም።

በራስ ኮምፒውተር ላይ ብቻ መሞከር

ጌም ሲንቀሳቀስ የምናየው ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር ምስል ነው፤ አንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። ጠጠሩ በየፍሬሙ 5 ፒክስል (የስክሪን ነጥብ) እንዲወርድ አዘዛችሁ እንበል። በሰከንድ 60 ፍሬም በሚያሳየው ኮምፒውተራችሁ ላይ በሰከንድ 300 ፒክስል ይወርዳል። 30 ፍሬም ብቻ በሚችል ርካሽ ስልክ ላይ ግን 150 ይሆናል። ስልኩ በደከመ ቁጥር ጨዋታው እየቀለለ ሄደ ማለት ነው! መፍትሔው ፍጥነትን በፍሬም ሳይሆን በሰከንድ ማስላት ነው። ኢንጂኖቹ ለዚህ ዴልታ ታይም የሚባል ቁጥር ይሰጧችኋል፣ ካለፈው ፍሬም ወዲህ ስንት ሰከንድ እንዳለፈ የሚናገር፤ ፍጥነቱን በእሱ ታባዛላችሁ። ከመጀመሪያው ቀን ልመዱት።

አማርኛ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ፎንቱን (የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘውን ፋይል) ጌሙ ውስጥ ክተቱ። ፊደላችን የሌለበት ፎንት «ጀምር» በሚለው ቦታ ሦስት ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት በነፃ ይወርዳል፣ ይህን ጣጣ ይጨርሳል።

ሥራችሁን ደግሞ አንድ ላፕቶፕ ላይ ብቻ አታኑሩት። ጊት የሚባለውን፣ የሥራን ለውጥ እየመዘገበ ሌላ ቦታም ለማስቀመጥ የሚያስችል ፕሮግራም ልመዱ። እስክትለምዱት ድረስ በየማታው ፍላሽ ላይ ገልብጡ።

«ሲያልቅ አሳያለሁ» ማለት

ቅልብልቦሹ ገና ግራጫ ክብ እያለ ለእህቴ ልጅ ስልኩን ሰጠኋት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኔ ስክሪኑን ነካ ስታደርግ ጠጠሩ እንዲወረወር ነበር የሠራሁት። እሷ ግን ጣቷን ጠጠሩ ላይ አድርጋ ወደ ላይ ጎተተችው። አልሄደም። ደግማ ጎተተችው። አፌን ይዤ ዝም አልኩ። በሦስተኛው «ተበላሽቷል፣ ጋሼ» ብላ መለሰችልኝ።

አልተበላሸም ነበር፤ ግን እሷ ናት ልክ። ጠጠር የሚወረወረው ወደ ላይ ነው፣ ማን ነካ ያደርገዋል? በዚያው ማታ መወርወሪያውን ወደ ላይ በመጎተት ቀየርኩት። በማግስቱ ስልኩን ከእጇ ለማስጣል ልመና ሆነብኝ። ያን ቀን አጠገቧ ሆኜ «ነካ አድርጊው» ብላት ኖሮ ስህተቴን እስከ ዛሬ አላውቀውም ነበር። ስለዚህ ሰው ሲጫወት አታስረዱ። የት እንደሚቆም፣ የቱን ቁልፍ እንደሚፈልግ፣ መቼ ፊቱን እንደሚያዞር እያያችሁ ጻፉ። ከአራት ከአምስት ሰው በኋላ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ሲቆሙ ታያላችሁ። የሚስተካከለው እሱ ነው።

ለማውጣት ሳይዘጋጁ መጨረስ

ኢች ዶት አይኦ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ጌም መጫን በነፃ ነው፤ ለመጀመሪያ ጌም ከሱ የተሻለ ቦታ አላውቅም። ጉግል ፕሌይ አንድ ጊዜ 25 ዶላር፣ የኮምፒውተር ጌም መሸጫው ስቲም ደግሞ ለአንድ ጌም 100 ዶላር ያስከፍላሉ፤ የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ አስቀድማችሁ አስቡበት። ጉግል ፕሌይ ላይ አዲስ የግል አካውንት የከፈተ ሰው ጌሙን ለሕዝብ ከመልቀቁ በፊት ቢያንስ 12 ሰዎች ለ14 ተከታታይ ቀናት እንዲሞክሩት ማድረግ አለበት። እነዚያን 12 ሰዎች ጌሙ ካለቀ በኋላ መለመን ከባድ ነው። ግራጫውን ክብ ስታሳዩአቸው ከወደዱት ሰዎች ስም እየያዛችሁ ቆዩ፣ ቴሌግራም ላይ አንድ ግሩፕ ክፈቱላቸው።