የካምቢዮ ዘይት ግፊት ኮድ ሲመጣ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስመለስ የግቤን ቁልቁለት በሰላም ወረድኩ። ዳገቱ ላይ ግን ኦቶማቲክ መኪናዬ አንድ ማርሽ ላይ ቀረች። ነዳጅ ስሰጣት ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ፍጥነት የለም። የቼክ ኢንጂን መብራት በራ። ጅማ ገብታ በስካነር ስትታይ ኮዱ ፒ0842 ሆነ። «የዘይት ግፊቱን የሚለካው ሴንሰር ሞቷል» ተባልኩ። ገዛሁ፣ ተቀየረ። በሦስተኛው ቀን መብራቱ ተመልሶ በራ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ኮድ አይቶ ዕቃ መግዛት። ኮዱ የት እንደምትፈልጉ ይጠቁማል እንጂ የትኛው ዕቃ እንደተበላሸ አይናገርም። ፒ0842 ከግፊት ሴንሰሩ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ምልክት ከሚገባው በታች ወርዷል ማለት ነው። ጥፋቱ ሴንሰሩ፣ ሽቦው ወይም ሶኬቱ ጋ ሊሆን ይችላል። ፒ0868 ደግሞ የዘይቱ ግፊት ራሱ ቀንሷል ይላል። ያኔ ሴንሰሩ ጤነኛ ሆኖ እውነቱን እየነገራችሁ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ሶኬቱን ሳይነቅሉ መፍረድ ነው። እኔን ያስከፈለኝ ይሄ ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ጭቃው ሲያስመርረኝ በየሳምንቱ ላቫጆ እወስዳት ነበር፤ ሆዷ ሳይቀር በግፊት ውሃ ይታጠባል። በኋላ ሌላ ኤሌክትሪሺያን ሶኬቱን ነቀለና የስልኩን መብራት አበራበት። አንዷ ፒን ላይ አረንጓዴ ዝገት ተጋግሯል። የጎማው ማሸጊያ ተሰንጥቆ ውስጡ ውሃ እንደ ጤዛ ተቀምጧል። አጸዳው፣ አደረቀው፣ ማሸጊያውን ቀየረ። ኮዱ ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ሶኬቱ ውስጥ ውሃ ሳይሆን ቀይ ዘይት ካገኛችሁ ነገሩ ሌላ ነው። ሴንሰሩ ራሱ ወይም የሽቦው መውጫ ከውስጥ እያፈሰሰ ነው፤ የሚያፈሰው ዕቃ ይቀየር። ሌላም ነገር አለ። ሦስት ሽቦ ባላቸው ብዙ ሴንሰሮች ላይ ሶኬቱ ተነቅሎ ቁልፉ ሲከፈት በአንዱ ሽቦ ወደ 5 ቮልት መምጣት አለበት። እሱ ከሌለ አዲስ ሴንሰር ብትገጥሙም ለውጥ አታዩም። ብዙ መኪኖች ላይ ሴንሰሩ ያለው ካምቢዮው ውስጥ ስለሆነ፣ ለመቀየር ዘይቱ ፈስሶ ከሥር ይከፈታል። ከመክፈት በፊት ሽቦውን መለካት ስንት ድካም እንደሚያተርፍ አስቡት።

ኮዱን ሳይጽፉ ማጥፋት ወይም ባትሪ መንቀልም አለ። ስካነሩ ጥፋቱ ሲፈጠር የነበረውን ፍጥነትና ሙቀት አብሮ ያሳያል። ካጠፋችሁት ይህም ይጠፋል። መጀመሪያ በስልክ ፎቶ አንሱት።

ዘይቱን በትክክል አለመለካት በጣም የተለመደ ነው። ጂሬን ዳገት ላይ አቁሞ የሚለካ ሰው አይቻለሁ። አብዛኞቹ መኪኖች የሚለኩት ሜዳ ላይ፣ ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ በየቦታው ተዘዋውሮ ፒ (ፓርክ) ላይ ከተመለሰ በኋላ ነው። ብዙ ሆንዳዎች ግን ሞተር ጠፍቶ ይለካሉ። መለኪያ ዘንግ የሌላቸውም አሉ፤ እነሱ ከሥር ባለ ቡሎን፣ በተወሰነ ሙቀት ይታያሉ። የመኪናችሁን መመሪያ እዩ። ደግሞ የካምቢዮ ዘይት እንደ ሞተር ዘይት ተቃጥሎ አይቀንስም። ከቀነሰ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፤ ሞልቶ መሄድ ብቻ አይበቃም።

ስትሞሉም ቀይ ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም። የቶዮታ ደብሊውኤስ እና ቲ4 ሁለቱም ቀይ ናቸው፣ ግን አንዱ በሌላው አይተካም። ሲቪቲ፣ ማለትም በማርሽ ፈንታ በቀበቶ የሚሠራ ካምቢዮ፣ ደግሞ የራሱ ዘይት አለው። የተሳሳተው ከገባ ግፊቱም የማርሹ አቀያየርም ይዛባል።

ዘይቱም ሽቦውም ደህና ከሆነ ግፊቱን በማኖሜትር፣ ማለትም ካምቢዮው ላይ በሚገጠም የግፊት መለኪያ፣ አስለኩ። ስካነሩ የሚያሳየው ቁጥር ከሴንሰሩ የመጣ ነው፤ ሴንሰሩን በራሱ ቃል ማመን አይቻልም። ማኖሜትሩም ዝቅ ካለ ችግሩ ፊልትሮ፣ ፓምፕ ወይም ቫልቭ ቦዲ (ዘይቱን ወደየማርሹ የሚያከፋፍለው ክፍል) ጋ ሊሆን ይችላል።

የመጨረሻው ስህተት መኪናዋን እንደተበላሸች መንዳት ነው። ግፊት ሲያንስ የክላች ሰሌዳዎቹ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። እኔም ያን ቀን ጅማ ድረስ መንዳቴ ልክ አልነበረም፤ መንገድ ላይ ያለችው ሰኮሩ ከተማ ማቆም ነበረብኝ። በገመድ ማስጎተትም መፍትሔ አይደለም። ሞተር ሲጠፋ የካምቢዮው ፓምፕ አይዞርም፣ ውስጡ ዘይት ሳያገኝ ይፋጫል። መኪናዋ ተጭና ትሂድ፣ ወይም ቢያንስ ሞተሩ የሚያዞራቸው ጎማዎች ከመሬት ይነሱ።