ሀበሻ ቀሚስ የለበሰች ሞዴልን ቤት ውስጥ በአንድ መብራት እንዴት ፎቶ እናነሳለን?

ሳሎን ውስጥ የስቱዲዮ ፎቶ ለማንሳት አንድ መብራትና አንድ ነጭ ሰሌዳ ይበቃሉ። ጀማሪ መብራት ባበዛ ቁጥር ጥላው ይምታታበታል። ከባዱ ነገር ልብሱ ነው። ነጭ ቀሚስና ጠይም ፊት አብረው ሲነሱ ወይ ፊቱ ይጠቁራል፣ ወይ የሸማው ድርና ማግ ነጭ ሆኖ ይጠፋል። እንቁጣጣሽና ጥምቀት በመጣ ቁጥር እንዲህ የተበላሹ ብዙ ፎቶዎች አያለሁ፤ ሸማኔው የደከመበት ሥራ ሳይታይ ሲቀር ያሳዝነኛል።

መብራቱ ቋሚ ኤልኢዲ ቢሆን ጥሩ ነው። ጥላው የት እንዳረፈ ገና ሳታነሱ ታያላችሁ። ፍላሽ ጉልበት አለው፤ ግን ውጤቱ የሚታየው ካነሳችሁ በኋላ ነው። ባትሪ ያለው ካገኛችሁ መብራት ሲጠፋ ሥራው አይቋረጥም። ሪንግ ላይት (ቀለበት መሰሉ ክብ መብራት) ለቪዲዮ ይሁን፣ ለዚህ ሥራ ግን አልመክረውም። ብርሃኑ ከካሜራው አቅጣጫ ስለሚመጣ የፊትን ቅርጽ ያጠፋል። ሶፍትቦክስ (መብራቱ ላይ የሚገጠም፣ ፊቱ ነጭ ጨርቅ የሆነ ብርሃን ማለስለሻ) ከሌለ ስስ ነጭ መጋረጃ ከመብራቱ ፊት ዘርጉ። የሚግል አምፖል ከሆነ ጨርቁን በደንብ አርቁት።

ሶፋውን ገፋ አድርጉና ሞዴሏን ከግድግዳው አንድ ሜትር ተኩል ያህል አርቃችሁ አቁሙ። ያኔ ጥላዋ ግድግዳው ላይ አይለጠፍም። መጋረጃ ዝጉ፤ የጣሪያውንም መብራት አጥፉ። ቢጫው አምፖል 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ይበልጥ ቢጫ ነው) አካባቢ ነው፤ የፎቶ ኤልኢዲ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 5600። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ግማሽ ፊት ቢጫ ይሆናል፣ በኋላ ማስተካከሉም አበሳ ነው። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ቀለም የተቀባ ግድግዳ አጠገብ ከቆመች ቀለሙ ነጩ ቀሚስ ላይ ያርፋል። ከጎኗ ነጭ አንሶላ ስቀሉ።

አሁን ዋናው ሥራ። መብራቱን ከፊቷ በስተጎን 45 ዲግሪ ያህል፣ ከጭንቅላቷ ከፍ አድርጋችሁ፣ ወደ ታች አዘንብሉት። ዓይኖቿን እዩ። የመብራቱ ነጸብራቅ በሁለቱም ዓይኖች ላይኛው ክፍል ከታየ ቦታው ትክክል ነው። ካልታየ በጣም ከፍ ብሏል፣ ወይም ወደ ጎን ሸሽቷል።

ርቀቱ ከፊቷ አንድ ሜትር ያህል ይሁን። ብዙ ሰው ብርሃኑ እንዲለሰልስ ብሎ መብራቱን ያርቃል፤ ውጤቱ ግን ተቃራኒው ነው። መብራት ሲርቅ ከፊቱ አንጻር ትንሽ ስለሚሆን ጥላው ይከራል። ሲቀርብ ይለሰልሳል። ሌላም ጥቅም አለው። ትንሽ መብራት ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሶፍትቦክስ በቅርበት ይህን ሕግ በልኩ ባይከተልም መዳከሙ አይቀርም። ስለዚህ መብራቱ ከፍ ብሎ ለፊቷ ሲቀርብ ፊቷ ብዙ ብርሃን ያገኛል፣ ከወገብ በታች ያለው ነጭ ቀሚስ ደግሞ ትንሽ። የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። መብራቱ ደረቷ ላይ ካነጣጠረ ግን ቀሚሱ ፊቱን ይውጠዋል።

ካሜራው በራሱ እንዲወስን አትተዉት። የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ስለሚፈልግ ብዙ ነጭ ሲያይ ሥዕሉን ያጠቁረዋል፤ ፊቷም አብሮ ይጠቁራል። ማኑዋል አድርጉ፤ ማለትም ልኩን ራሳችሁ ምረጡ። ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/100 ሰከንድ፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 4፣ አይኤስኦ (ሲጨምር ፎቶውን የሚያደምቀው ቁጥር) 400 ብላችሁ ጀምሩ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ርካሽ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። በ1/100 ወይም በ1/50 ስታነሱ ያ የሚያስቀይም ጥቁር ሰንበር አይመጣም።

አንድ አንሱና የትከሻዋን ነጭ አጉልታችሁ እዩ። ድሩ ካልታየ አይኤስኦውን ቀንሱ። ድሩ ታይቶ ፊቷ ከጠቆረ ግን አይኤስኦ አትጨምሩ፤ መብራቱን አንቀሳቅሱ። ትንሽ ከፍ አድርጉት፤ ወይም በመብራቱና በቀሚሱ መካከል ጥቁር ጨርቅ ያዙ። ቀጥሎ ነጩን ሰሌዳ ከመብራቱ ተቃራኒ፣ በጉንጯ ልክ አቁሙት። ነጠላዋን በዚያኛው ትከሻ ከጣለችው እሱም ብርሃን ይመልሳል፤ እኔ ከሰሌዳው ይልቅ እሱን እወደዋለሁ። ጥላውን ግን ሙሉ በሙሉ አታጥፉት። በስልክ የምታነሱ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ፊቷን ነክታችሁ ያዙ፣ ከተቆለፈ በኋላ ድሩ እስኪታይ ብርሃኑን ወደ ታች ጎትቱ።

ቀሚሱ ይተኮስ። የጎን ብርሃን ጭምድዱን ሁሉ ያወጣል።

ስልክ አፍንጫዋ ሥር አታስጠጉ፤ ፊት ይዛባል። ሁለት ሜትር ራቁና የ2 እጥፍ ማጉያውን ተጠቀሙ። ካሜራ ከሆነ 50 ወይም 85 ሚሊሜትር ሌንስ ደህና ነው። ትከሻዋን ከመብራቱ መልሳ ፊቷን ወደ መብራቱ ታዙር። በየመሀሉ ፎቶውን አሳዩአት፤ ራሷን ስታይ ትከሻዋን ታላላለች።

ስታስተካክሉ ቆዳ የሚያነጣውን ፊልተር አትንኩት። ጠይምነቷን በትክክል ለማውጣት ነው ይህን ሁሉ የደከማችሁት። ከመለጠፋችሁ በፊት ደግሞ የትኛው ፎቶ የት እንደሚወጣ ከእሷ ጋር ተስማሙ፤ ያልፈለገችውን እዚያው ሰርዙት።