በሠረገላ ወደ ምዕራብ የሄደችውን ቅድመ አያት ስንፈልግ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ከአሜሪካዊ ቤተሰብ ጋር የተጋባ ሐበሻ ሁሉ አንድ ቀን ይህ ነገር ይመጣበታል። ልጁ «የዘር ሐረግህን ሥራ» ተብሎ ከትምህርት ቤት ይመለሳል። በእኛ በኩል ያለው ቀላል ነው፤ አገር ቤት ተደውሎ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በወዲያኛው በኩል ግን በ1850ዎቹ በበሬ በሚጎተት ሠረገላ ከኢሊኖይ ኦሪገን የገባች አያት ነበረች ይባላል፤ የማን ልጅ እንደሆነች የሚያውቅ የለም። ወንዶቹ ይገኛሉ። መሬት ይዘዋል፣ ግብር ከፍለዋል፣ ዘምተዋል። የምትጠፋው እሷ ናት። ብዙ ጊዜ የምትጠፋው ደግሞ አፈላለጉ ስለማይሆን ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በባሏ ስም ብቻ መፈለግ። እኛ ጋ ሴት ብታገባም ባታገባም በአባቷ ስም ትጠራለች። እዚያ ግን ስታገባ የባሏን ቤተሰብ ስም ትይዛለች። ባሏ ሞቶ ሌላ ካገባች ስሙ እንደገና ይቀየራል። ያገባች ሴት በሕግ ፊት ከባሏ ጋር እንደ አንድ ሰው ትቆጠር ስለነበር (ያ አንድ ሰው ደግሞ እሱ ነው!) በራሷ ስም የተጻፈ ወረቀት ጥቂት ነው። ስለዚህ እሷን ለማግኘት ወንዶቹን ይከተሉ። የአባት ኑዛዜ ያገቡ ሴት ልጆችን ከነባሎቻቸው ስም ይጠራል። በደቡብ ስቴቶች ሙሽራው ዋስ ይጠራ ነበር፤ ዋሱ ብዙ ጊዜ የሙሽሪት አባት ወይም ወንድም ነው። የልጆቿን መካከለኛ ስምም ልብ ይበሉ። ወንድ ልጅ የቤተሰብ ስም የሚመስል መካከለኛ ስም ካለው የእናቱ ወገን ስም ሊሆን ይችላል። ጎረቤቶችም አይታለፉ። ወደ ምዕራብ ብቻውን የሚሄድ ቤተሰብ ብዙም አልነበረም፤ ወንድምና አማች አብረው ተጉዘው አጠገብ ለአጠገብ ይሰፍሩ ነበር።

የሕዝብ ቆጠራውን ሁሉ አንድ አድርጎ ማየት። ቆጠራው ከ1790 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ተካሂዷል። ከ1850 በፊት ግን በስሙ የሚመዘገበው የቤቱ አባወራ ብቻ ነው። ሚስትና ልጆች በዕድሜና በፆታ ተለይተው በቁጥር ብቻ ይገባሉ። ባል የሞተባት ሴት ግን እማወራ ሆና በስሟ ልትገኝ ትችላለች። በ1850 ባሪያ ያልሆነ ሰው ሁሉ በስሙ ተጻፈ። ሆኖም ማን ለማን ምኑ እንደሆነ መጻፍ የተጀመረው በ1880 ነው። ከዚያ በፊት ከወንዱ ስም ሥር ያለችው ሴት ሚስቱ፣ እህቱ ወይም የወንድሙ ሚስት ልትሆን ትችላለች። የ1890ው በ1921 ዋሽንግተን ዲሲ ላይ በደረሰ ቃጠሎ ተበላሽቶ አብዛኛው የለም፤ እሱን አይድከሙበት። እስከ 1900 ከኖረች ግን ዕድለኛ ነዎት። ያ ቆጠራ የተወለደችበትን ወርና ዓመት፣ ስንት ልጅ እንደወለደችና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ይጠይቃል። «9» ከሚለው ጎን «5» ካዩ፣ ሌላ መዝገብ ላይ ላይገኙ የሚችሉ 4 ሙታን አሉ ማለት ነው።

«ሚስቱ ከሆነች እናታቸው ናት» ማለት። ለኦሪገን ሴቶች የመምረጥ መብት የታገለችው አቢጌል ስኮት ደኒዌይ በ1852 ከወላጆቿ ጋር ከኢሊኖይ ተነሣች። የ17 ዓመት ልጅ ነበረች፤ የጉዞውን ማስታወሻ የምትይዘው እሷ ነበረች። እናቷ አን ሮሎፍሰን ስኮት ፎርት ላራሚ አካባቢ በኮሌራ ሞታ መንገድ ላይ ተቀበረች። አባትየው ኦሪገን ከገባ በኋላ ሌላ አገባ። በ1860ው መዝገብ ብቻ የሚፈርድ ሰው የእንጀራ እናትን ከእናት ሊያምታታ ይችላል። በሚስቱና በትልቁ ልጅ መካከል ያለው የዕድሜ ልዩነት የማይመስል ከሆነ፣ ወይም በልጆቹ መካከል ሰፊ ክፍተት ካለ፣ ይጠርጥሩ።

ስሟን አንድ ብቻ ማድረግ። ፖሊ ብዙ ጊዜ ሜሪ ናት። ሳሊ ሣራ፣ ፓትሲ ማርታ፣ ፔጊ ማርጋሬት፣ ናንሲ ደግሞ አን ልትሆን ትችላለች። ጸሐፊውም የሚጽፈው እንደሰማው ነው።

የልደት የምስክር ወረቀት መጠየቅ። ኦሪገን ልደትን በስቴት ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በ1903፣ ሚዙሪ በ1910 ነው። ድንበሩም ይቀያየራል። በ1852 ኦሪገን ውስጥ የተወለደ ልጅ የትውልድ ቦታው ዛሬ ዋሽንግተን ስቴት ሊሆን ይችላል፤ ዋሽንግተን የተገነጠለችው በ1853 ነውና። ኤሊስ ደሴት ላይ የሚፈልጓትም አሉ። ደሴቱ ስደተኛ መቀበል የጀመረው በ1892 ነው! የሰው የዘር ሐረግ ኢንተርኔት ላይ አይቶ እንዳለ መገልበጥንማ ባልናገር ይሻላል፤ እዚያ ከእናቷ ቀድማ የተወለደች ልጅ አይጠፋም።

የመሬትና የጡረታ ወረቀት የወንድ ነው ብሎ መተው። ትልቁ ስህተት ለእኔ ይሄ ነው። የ1850ው የኦሪገን መሬት ሕግ እስከዚያ ዓመት ታኅሣሥ 1 ለሰፈሩ ባልና ሚስት 640 ኤከር ይሰጥ ነበር፤ ግማሹ በሚስቲቱ በራሷ ስም ነው። ስለዚህም በመሬት ማመልከቻቸው ፋይል ላይ የጋብቻቸው ቀንና ቦታ ይጻፋል። ለሰፋሪዎች የመንግሥት መሬት በሚሰጠው በ1862ው የሆምስቴድ ሕግ ደግሞ ያላገባች፣ ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት 160 ኤከር መጠየቅ ትችል ነበር። ባሏ በጦርነት የሞተባት ሴት ጡረታ ለማግኘት ሚስት መሆኗን ማስረዳት ነበረባት። ማስረጃ ያልነበራቸው ሴቶች፣ ልጆቻቸው የተመዘገቡበትን ገጽ ከቤታቸው መጽሐፍ ቅዱስ ቀደው ልከዋል። ገጾቹ ዛሬም ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ከፋይሉ ጋር ታስረው ይገኛሉ።

የአሜሪካ ፌደራል መንግሥት የመሬት አስተዳደር ቢሮ ድረ ገጽ ላይ የመሬቱን የባለቤትነት ወረቀት በነፃ ማየት ይቻላል። ብዙዎች እሱን አትመው ይበቃናል ይላሉ። ቤቷ ስንት ክፍል እንደነበረው፣ ምን እንደዘራች፣ ማን እንደመሰከረላት ያለው ግን ቤተ መዛግብቱ ውስጥ ባለው የመሬት ማመልከቻዋ ፋይል ላይ ነው። የመሬቱን ጉዳይ ሳትጨርስ ትታ ከሄደች ድረ ገጹ ላይ አትገኝም። ያልተጠናቀቁ ማመልከቻዎችም ግን ቤተ መዛግብቱ ውስጥ አሉ፤ መጠየቅ ነው።